በጅምላ እስር፣ በጅምላ ይቅርታ

ግንቦት 19 ቀን 2013 ዓ.ም. የወቅቱ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ ፓርላማ ውስጥ ቆመው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገራቸው በጣሊያን ተወላጆች ላይ ለፈጸመችው በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። በዚያ ጦርነት 31,000 ያህል ሰዎች «የጠላት አገር ዜጋ» ተብለው ተመዝግበው በየወሩ ፖሊስ ዘንድ እየቀረቡ እንዲፈርሙ ተገደዋል። ከ600 የሚበልጡ ወንዶችና አራት ሴቶች ደግሞ ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ ችሎት ፊት ሳይቆሙ ታጉረዋል። ቀደም ሲል በ1990 የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ብራያን ማልሩኒ ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ ይቅርታ ጠይቀው ነበር (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኛው ግን በፓርላማ የተነገረ ስላልነበር ከማኅበረሰቡ ብዙዎች አልረኩበትም።

ይቅርታው ተገቢ ነው። ሰውን ያለ ክስ ከቤቱ አውጥቶ ሽቦ አጥር ውስጥ መክተት፣ አሳሪው ማንም ይሁን ታሳሪው ማን፣ በደል ነው። ነገር ግን ስለዚህ እስር በሚነገረው ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ጉድለት አለ፤ ከሌላው ይልቅ ልናነሳው የሚገባን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን። እስሩ በጅምላ ነበር፤ ይቅርታውም በጅምላ ሆነ። ፋሺስቱና የፋሺስት ጠላት በአንድ መዝገብ ታሰሩ፣ በአንድ መዝገብ ነጹ። «ይህ ሰው ምን አደረገ?» የሚለው ጥያቄ በ1940 በወጉ አልተጠየቀም፤ ዛሬም የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ጥያቄው ወደ እኛ የሚመጣው፣ ታሳሪዎቹን ለፖሊስ ያጋለጠው የማኅበር እንቅስቃሴ ከምንጊዜውም በላይ የጋለው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ ስለነበር ነው።

መነሻው ፋሾ የሚባለው፣ የሙሶሊኒ ፋሺስቶች በውጭ አገር ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ሳይዝ ገና በ1921 ለንደን ውስጥ አንድ ተቋቁሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች በተሰደዱባቸው ከተሞች፣ በግላስጎውም በሞንትሪያልም በሜልቦርንም፣ ቅርንጫፍ ተከፈተ። ከጀርባው ያለው ቆንስላው ነበር። አንድ አይስክሬም ሻጭ ወይም ግንበኛ ፓስፖርት ለማሳደስ፣ የልጁን ልደት ለማስመዝገብ፣ አገር ቤት ለቀረች ቁራሽ መሬት ውክልና ለመስጠት ከቆንስላ ደጅ አይቀርም። የፋሾ አባል ከሆነ ጉዳዩ ይቀልለታል። ልጆቹ ከመደበኛ ትምህርት በኋላ ጣሊያንኛ ይማራሉ፤ በበጋ ዕረፍታቸው ጣሊያን ሄደው ባሕር ዳር ካምፕ ይሰነብታሉ፤ እዚያም የደንብ ልብስ ለብሰው እየተሰለፉ የሙሶሊኒን መዝሙር ይዘምራሉ። የካርታ ጨዋታው፣ የቅዳሜ ጭፈራው፣ ለታመመ መዋጮው ሁሉ በዚያው ቤት ነው። ስለዚህ አባልነቱ ለአንዱ እምነት፣ ለሌላው ጉዳይ ማስፈጸሚያ፣ ለሦስተኛው የአገር ልጅ መገናኛ ነበር። ካርዱ ግን ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጥልባት ሮም «ወርቅ ለእናት አገር» የሚል ዘመቻ ከፈተች። ዲሴምበር 18 ቀን 1935 ንግሥት ኤሌና ሮም ውስጥ የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ሰጡ። ዘመቻው ባሕር ተሻግሮ ስደተኛው ዘንድ ደረሰ። በለንደን፣ በቶሮንቶ፣ በሞንትሪያልና በኒው ዮርክ ጣሊያናውያን እናቶች የወርቅ ቀለበታቸውን እያስረከቡ በምትኩ የብረት ቀለበት ጣታቸው ላይ አደረጉ። ወርቁ የተሰበሰበለት ጦርነት በተንቤንና በአሸንጌ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን የተረጨበት ጦርነት ነው። ቀለበቷን የሰጠችው ልብስ ሰፊ ስለ ጋዙ የሰማችው ነገር ላይኖር ይችላል፤ ጎረቤት ሰጥታ እሷ ብትቀር ምን እንደሚባልም ታውቃለች። ዘመቻውን ያደራጀው፣ የሰጠውንና ያልሰጠውን የመዘገበው፣ በአደባባይ የሰበከው ሰው ግን የሚሠራውን ያውቃል። ሁለቱን ሰዎች መለየት የሚቻል ነገር ነበር። ጊዜም ነበር፤ ከወረራው እስከ ሰኔ 1932 ዓ.ም. አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

አልተደረገም። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. (ጁን 10 ቀን 1940) ሙሶሊኒ ከሰገነቱ ላይ በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ፣ ለንደን ውስጥ ኤም አይ ፋይቭ የተባለው የደኅንነት መሥሪያ ቤት 1,500 ገደማ ስም የያዘ ዝርዝር ነበረው። ዝርዝሩ በዋነኛነት ከፋሾ አባልነት የተቀዳ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ዕድሜው ከ16 እስከ 70 የሆነ፣ ብሪታንያ ከገባ ሃያ ዓመት ያልሞላው ጣሊያናዊ ወንድ ሁሉ እንዲያዝ ትእዛዝ ወጣ። ዊንስተን ቸርችል «ሁሉንም ልቀሟቸው» አሉ ተብሎ ይነገራል፤ በተግባር የሆነውም ያው ነው። በዚያው ሌሊት በለንደን ሶሆ፣ በኤድንበራ ሊዝ ሰፈር፣ በግላስጎውና በሊቨርፑል የጣሊያኖች ሱቆች መስኮታቸው ተሰብሮ ተዘረፉ። ዘራፊው ደጅ ላይ ሲያጓራ ፖሊስ የሱቁን ባለቤት ይዞ ይወጣ ነበር። ከ4,000 በላይ ሰዎች በዚህ ዓይነት ተያዙ።

የመጀመሪያው ማቆያ ለብዙዎቹ ማንቸስተር አጠገብ በቤሪ ከተማ የሚገኘው ዋርዝ ሚልስ ነበር፤ ሥራ ያቆመ የጥጥ ፋብሪካ ነው። የመስታወት ጣሪያው ተሰባብሯል፤ ወለሉ በማሽን ዘይት ረጥቧል፤ አይጥ ይተራመሳል፤ የቧንቧ ውኃው ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም። ከዚያ ነው «አደገኛ» የተባሉት ተለይተው ወደ ሊቨርፑል ወደብ የተጋዙት።

አራንዶራ ስታር የምትባለው መርከብ ጁላይ 1 ቀን 1940 ንጋት ላይ ወደ ካናዳ ተነሳች። ከጦርነቱ በፊት ሀብታም መንገደኞችን ለሽርሽር የምታመላልስ ነበረች። አሁን ግራጫ ቀለም ተቀብታለች፤ መድፍ ተገጥሞላታል፤ የመተላለፊያ ሰገነቶቿ በእሾሃማ ሽቦ ታጥረዋል። 734 ጣሊያናውያን፣ 479 ጀርመናውያን ሲቪሎች፣ 86 የጀርመን ምርኮኞች፣ በላያቸው ዘበኞችና የመርከቡ ሠራተኞች ተጭነዋል። አጃቢ የጦር መርከብ አልነበራትም። እስረኛ መጫኗን የሚያሳይ ምልክትም የላትም። ጣሊያኖቹ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዋና የማይችሉ የተራራ ሰዎች ናቸው። አደጋ ቢደርስ ወደ የትኛው ጀልባ እንደሚሮጡ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጁላይ 2 ቀን፣ ከማለዳው አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ራቅ ብሎ ዩ-47 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ በቶርፒዶ መታት። ሞተር ክፍሉ ተጥለቀለቀ፤ መብራት ጠፋ፤ ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ አንዷ በፍንዳታው ተሰባበረች፤ ሽቦው የሰገነቱን መንገድ ዘጋ። ግማሽ ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው፣ ሰጠመች። ከ800 በላይ ሰው አለቀ፤ ከነዚህ ከ440 በላይ ጣሊያናውያን ናቸው። ሴንት ሎረንት የምትባል የካናዳ የጦር መርከብ ደርሳ የተረፉትን ለቀመች። በቀጣዮቹ ሳምንታት ማዕበሉ አስከሬኖችን በአየርላንድና በስኮትላንድ ደሴቶች ዳርቻ እየተፋ ነበር።

የተሳፋሪው መዝገብ ራሱ ትክክል አልነበረም። ከጣሊያን ተራሮች ከባርዲ፣ ከባርጋና ከፒቺኒስኮ የመጡ ሰዎች ብዙዎቹ የአንድ መንደር ልጆችና ስማቸው የሚመሳሰል ነው። ማን ተሳፈረ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሞተ የሚለውን ለማጣራት ጊዜ ፈጀ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ሚስትና እናት የሚጠይቁት ቢሮ የሚመልስላቸው ነገር አልነበረውም። ከሞት የተረፉት ጣሊያኖች 200 ያህሉ ደግሞ ከስምንት ቀን በኋላ ዱኔራ በተባለች ሌላ መርከብ ተጭነው ወደ አውስትራሊያ ተላኩ። ዱኔራ 1,600 ሰው ልትጭን የምትችል ሆና ከ2,500 በላይ ሰው ተጨናነቀባት። ዘበኞቹ የእስረኞቹን ሰዓት፣ ገንዘብና ሻንጣ ዘረፉ፤ በኋላ ይህ በጦር ፍርድ ቤት ታየ። ከባሕር የወጣ ሰው ልብሱ ሳይደርቅ እንደገና ባሕር ላይ መጣሉን የመሰለ ጭካኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ የለም።

ከአራንዶራ ስታር ሟቾች አንዱ ዴቺዮ አንዛኒ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ብሪታንያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሯል፤ ለንደን የሚገኘው የጣሊያናውያን የሰብአዊ መብት ሊግ ጸሐፊ ሆኖ ፋሺስቶችን በአደባባይ ሲቃወም የኖረ ሰው ነው። በለንደን እንደ እርሱ ያሉ ጣሊያናውያን ጥቂት አልነበሩም። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1936 ለኢትዮጵያ ጠበቃ የሆነውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣ ስታቋቁም ከጎኗ ሆኖ ያዘጋጅ የነበረው ሲልቪዮ ኮሪዮም ጣሊያናዊ ስደተኛ ነበር። የኤም አይ ፋይቭ ዝርዝር አንዛኒን ከሙሶሊኒ ሰዎች ጋር አንድ ላይ አስቀመጠው። ኢትዮጵያ ስትወረር ፋሺዝምን ፊት ለፊት ሲታገል የነበረ ሰው፣ ወራሪዋን በመውደድ ተጠርጥሮ ሰጠመ። ስለ ጅምላ እስር የሚጽፍ ሁሉ ከዚህ ስም ቢጀምር እወዳለሁ።

ያ ጥፋት ሲጋለጥ የብሪታንያ መንግሥት ሎርድ ስኔል የተባሉትን ሰው ምርጫው እንዴት እንደተካሄደ እንዲመረምሩ ሾመ። ያገኙት ዋና ነገር የፋሺስት ማኅበር አባልነት ብቻውን ሰውን አደገኛ ለማለት በቂ ማስረጃ ተደርጎ መቆጠሩን ነው። ሰው ከታሰረ በኋላ ጉዳዩን የሚያይ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ፤ የጣሊያኖቹን የመሩት ሮም አምባሳደር የነበሩት ሰር ፐርሲ ሎሬን ናቸው። ኮሚቴው እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው ይጠይቅ ነበር። መቼ አባል ሆንክ? ሹመት ነበረህ? ልጆችህ የት ናቸው? ልጁ በብሪታንያ ጦር ውስጥ እያገለገለ አባቱ ሽቦ ውስጥ የተቀመጠበት ቤተሰብ ጥቂት አልነበረም። ጥያቄዎቹ ትክክለኛ ጥያቄዎች ነበሩ። መምጣት የነበረባቸው ግን ከመርከቡ በፊት ነው። ጥፋቱ ሁሉ የቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ መያዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ፣ መጨረሻ ላይ መጠየቅ።

በብሪታንያ የቀሩት አብዛኞቹ የታጎሩት ማን ደሴት ላይ ነው። መንግሥት በዳግላስ፣ በኦንካንና በራምዚ ባሕር ዳር የተደረደሩትን የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ባለቤቶቹን በአጭር ቀን አስወጥቶ፣ ዙሪያቸውን በሽቦ አጠረና ካምፕ አደረጋቸው። ቆየት ብሎ ከጥበቃ ጋር ወደ እርሻ ለሥራ ይወጡ ነበር። ጣሊያን በሴፕቴምበር 1943 እጇን ስትሰጥ የተቀሩትም ቀስ በቀስ ተለቀቁ። ሴቶቹ ብዙዎቹ ባይታሰሩም ጠረፍ ላይ ከሚገኙ «የተከለሉ አካባቢዎች» እንዲወጡ ታዘዙ፤ ባሏ የታሰረ ሴት ሱቋን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ ወደ መሀል አገር ማረፊያ ፍለጋ ትሄዳለች።

የካናዳው አሠራር ከዚህ ጥቂት ይለያል። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ፌዴራል ፖሊስና በኖርማን ሮበርትሰን የሚመራ የመሥሪያ ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ናቸው። ካናዳ ውስጥ ጣሊያን ማኅበረሰቡ ትልቅ ስለሆነ ሁሉን ማሰር አልተሞከረም፤ የታለሙት የፋሾ አባላትና መሪዎች ነበሩ። ችግሩ ጥቆማው ላይ ነው። ስማቸው የማይገለጽ ጠቋሚዎች ባመጡት ወሬ፣ አንዳንዴም በሠፈር ቂም፣ ስም ገባ። የተያዙት ኦንታሪዮ ደን ውስጥ ወዳለው ፔታዋዋ ካምፕ ተወስደው ጀርባው ላይ ትልቅ ቀይ ክብ ያለበት ልብስ ለበሱ፤ ክቡ ለማምለጥ የሚሞክረውን ለማነጣጠር ነው። በኋላ ብዙዎቹ ኒው ብራንዝዊክ ውስጥ ፍሬድሪክተን አቅራቢያ ወዳለ ካምፕ ተዛወሩ። ይግባኙን የሰሙት ዳኛ ሃይንድማን ብዙዎቹ እንዲፈቱ ሐሳብ አቅርበዋል። ሆኖም ታሳሪው በእሱ ላይ የመሰከረው ማን እንደሆነ አይነገረውም፤ ስለዚህ የሚያስተባብለውን ነገር ሳያውቅ ነው የሚያስተባብለው።

የሠዓሊው የጊዶ ኒንኬሪ ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ኒንኬሪ ሞንትሪያል ውስጥ የማዶና ዴላ ዲፌሳን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሥዕል የሠራ ሰው ነው። ሥዕሉ ላይ ሙሶሊኒ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከጳጳሱና ከካርዲናሎቹ ጋር ይታያል፤ በ1929 ጣሊያንና ቫቲካን ያደረጉትን ስምምነት ለማስታወስ ነው የተባለው። በ1940 በዚያ ሥዕል የተነሳ ታስሮ ፔታዋዋ ገባ። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ንድፍ ይዛ ቀረበች፤ ንድፉ ላይ ሙሶሊኒ የለም። እንዲጨመር የጠየቁት ሥዕሉን ያሠሩት ሰዎች መሆናቸው ተረጋገጠና ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ተፈታ። አንድ ወረቀት ነጻ አወጣው። ሥዕሉን ያዘዙት ሰዎችስ? ሙሶሊኒ ዛሬም እዚያ ጉልላት ላይ ፈረሱን እንደጋለበ ነው። ሥዕሉ በጦርነቱ ጊዜ ተሸፍኖ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ተገለጠ።

ንብረቱን የያዘው «የጠላት ንብረት ጠባቂ» የተባለ መሥሪያ ቤት ነው። የባንክ ሒሳብ ይታገዳል፤ የሱቅ ዕቃና ድርጅት ይሸጣል፤ ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ይጠፋል። ትልቁ ምሳሌ ጄምስ ፍራንቼስኪኒ ነው፤ በልጅነቱ ተሰዶ የመጣ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በመንገድ ሥራ የከበረ ተቋራጭ፣ ድርጅቱ ለካናዳ ባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ሊሠራ የተዋዋለ። በጁን 1940 ታሰረ፤ በማግስቱ ዓመት ሲፈታ ከሀብቱ ብዙው ተሸጦ አገኘው። ትንሹ ሰው ደግሞ ለመክሰስ አቅምም አልነበረውም። በቶሮንቶና በሞንትሪያል የነበሩት «ካዛ ዲታሊያ» የሚባሉት የማኅበረሰቡ ቤቶችም በመንግሥት ተወረሱ።

አሜሪካ ውስጥ ዜግነት ያልወሰዱ ጣሊያናውያን 600,000 ስለነበሩ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ ካሜራ፣ የእጅ ባትሪ ተቀማ፤ የሰዓት እላፊ ተጣለ፤ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ወደ 10,000 ሰዎች ከቤታቸው ተነሱ። የታጎሩት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ወደብ ላይ የተያዙ ጣሊያናውያን ባሕረኞችና ሠራተኞች ደግሞ ሞንታና ውስጥ ፎርት ሚዙላ ቆዩ። የኦፔራ ዘፋኙ ኤትዚዮ ፒንዛ እንኳ ኤሊስ ደሴት ላይ ለወራት ታስሯል። ከዚያ ኦክቶበር 12 ቀን 1942፣ ሊመጣ የነበረው ምርጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፍራንሲስ ቢድል ጣሊያናውያን ከእንግዲህ የጠላት ዜጋ አይደሉም አሉ። በዚያው ጊዜ ጃፓናውያን አሜሪካውያን፣ እዚያው የተወለዱት ጭምር፣ በካምፕ ነበሩ። የአደጋው ልክ አይደለም ይህን የወሰነው፤ የድምፁ ብዛትና የቆዳው ቀለም ነው።

አውስትራሊያ ግን ረዘም ያለ ትኩረት ይገባታል፤ በጅምላ ማሰር ምን ያህል እንደሚያበላሽ ያየሁበት እንደ ፍራንቼስኮ ፋንቲን ጉዳይ ያለ የለም። አውስትራሊያ 4,700 ያህል ጣሊያናውያን አሰረች። ብዙዎቹ ከኩዊንስላንድ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች፣ ከኢንግሃምና ከኢኒስፌል አካባቢ የተለቀሙ ናቸው፤ ዜግነት የወሰዱም ነበሩባቸው። በመሬትና በሥራ የሚፎካከሩ ጎረቤቶች ጥቆማም ሚና ነበረው። ፋንቲን በቪቼንዛ አካባቢ የተወለደ፣ የፋሺስት ተቃዋሚ የነበረ፣ አገዳ ቆራጭ አናርኪስት ነው። በ1942 ታስሮ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሙሬይ ወንዝ ዳር ወዳለው ላቭዴይ ካምፕ ተወሰደ። ካምፑ በሥራው የታወቀ ነበር። ታሳሪዎች በቀን አንድ ሽልንግ እየተከፈላቸው ለወታደር ሞርፊን የሚሆን ኦፒየም ፖፒና ለነፍሳት መግደያ የሚሆን ተክል ያመርቱ ነበር። በግቢው ውስጥ ግን የበላይነቱን የያዙት ፋሺስቶቹ ናቸው፤ ፋሺስቱንና ተቃዋሚውን ለያይቶ ማስቀመጥ ያሰበበት አልነበረም። ፋንቲን ሲዛትበት ሰነበተ። ኖቬምበር 16 ቀን 1942 አንድ ፋሺስት ታሳሪ ጭንቅላቱን በእንጨት መትቶ ገደለው። ገዳዩ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። መንግሥት ፀረ ፋሺስቶቹን ለይቶ መፍታት ያፋጠነው ከዚህ ሞት በኋላ ነው። ያሠረው መንግሥት ዓይን ውስጥ ሁለቱም «ጣሊያን» ነበሩ፤ በሽቦው ውስጥ ያሉት ግን ማን ማን እንደሆነ በሚገባ ያውቁ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1933 ዓ.ም. ነገሩ ተገላብጦ መጣ። አዲስ አበባ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን፣ ሴትና ሕፃን ጭምር፣ መንግሥታቸው ተሸንፎ ቀሩ። ገና የየካቲት 12 ደም ያልደረቀበት ከተማ ነው። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ትእዛዙም በአመዛኙ ተከበረ። ጣሊያኖቹን ከአገር የማስወጣቱን ሥራ የያዙት እንግሊዞች ናቸው። ለሥራና ለጦር የደረሱት ወንዶች ወደ ኬንያ፣ ወደ ሮዴዥያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሕንድ ካምፖች ተጋዙ። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ሕሙማን በ1942 እና በ1943 ሳቱርኒያ፣ ቩልካኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ካዮ ዱዊሊዮ በተባሉ ነጭ ቀለም የተቀቡ መርከቦች ከበርበራና ከምጽዋ ወደ ጣሊያን ተመለሱ። በሦስት ጉዞ 28,000 ያህል ሰው ነው። በስዌዝ ቦይ በኩል ስላልተፈቀደላቸው አፍሪካን በደቡብ ዞረው ሄዱ። እነዚህ መርከቦች ነጭ ተቀብተው፣ መስቀል ተሥሎባቸው፣ በተዋጊዎቹ ስምምነት ነው የተጓዙት፤ አራንዶራ ስታር ያጣችው ሁሉ ተሟልቶላቸው ነበር ማለት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ መካኒክ፣ ግንበኛና ሐኪም የሆኑትን ማስቀረት ይፈልግ ነበር፤ ከእንግሊዝ አሰሳ ተደብቀው የቀሩም ነበሩ። ከነዚያ የቀሩት ጋራዥ ከፍተው፣ አግብተው፣ ወልደው እዚሁ ኖሩ። በተወረረች አገር ሰው በሥራው ተመዝኖ መኖር ከቻለ፣ ለንደንና ኦታዋ ይህን ማድረግ አንችልም ነበር ሊሉ አይገባም።

በተቃራኒው፣ ያው የፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያውያንን ያጎረባቸው ቦታዎች በእነዚህ መታሰቢያዎች አይነሱም። ሶማሊያ ውስጥ ዳናኔ፣ ዳህላክ ደሴቶች ውስጥ ኖክራ። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ አዚናራ ደሴት ላይም ታጎሩ። ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ። ይህን የማነሳው የጣሊያኖቹን ሥቃይ ለማሳነስ አይደለም። በቶሮንቶ ቀለበት የሰበሰበው ሰው ያገለገለው መንግሥት ይህን ያደረገው መንግሥት ስለሆነ ነው።

ከተፈቱ በኋላ የመጣው ሕይወት እንደየሰው ነው። ቻርልስ ፎርቴ ማን ደሴት ላይ ሦስት ወር ገደማ ታስሮ ወጣ፤ ከወተት ባር ተነስቶ ትልቅ የሆቴል ድርጅት አቆመ፤ በ1982 ሎርድ ተባለ። ኤድዋርዶ ፓኦሎዚ ደግሞ ሊዝ ውስጥ አይስክሬም ቤት የነበራቸው ሰዎች ልጅ ነው። ወላጆቹ በበጋ ዕረፍቱ ወደ ጣሊያን የልጆች ካምፕ ይልኩት ነበር። ጦርነቱ ሲታወጅ ዕድሜው 16 ሆኖ ስለነበር ሶውተን እስር ቤት ገባ። አባቱ፣ አያቱና አጎቱ በአራንዶራ ስታር ሰጠሙ። እሱ በኋላ ከብሪታንያ ታላላቅ ቀራጮች አንዱ ሆኖ ከንግሥቲቱ «ሰር» የሚል ማዕረግ ተቀበለ። አባቱን ያሰጠመ መንግሥት ልጁን ሸለመ፤ አባትየው ምን አድርጎ እንደታሰረ ግን በወጉ አልነገረውም።

አብዛኛው ቤተሰብ ዝምታን መረጠ። የሱቅ ስም ተቀየረ፤ ጆቫኒ ጆን ሆነ፤ ልጆች ጣሊያንኛ እንዳይናገሩ ተደረገ። በአውስትራሊያ ደግሞ ከካምፕ መውጣት ከሥራ ግዴታ መውጣት አልነበረም፤ ብዙዎች በመንግሥት የጉልበት ሠራተኛ ቡድን ተመድበው እንጨትና ከሰል ሲያመርቱ ቆዩ። ሊቨርፑል ለአራንዶራ ስታር ሟቾች መታሰቢያ ያቆመው በ2008፣ ግላስጎው በ2011 ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2000 በደሉን የሚያምን ሕግ አወጣ፤ የደቡብ አውስትራሊያ ምክር ቤት በ2011 ይቅርታ ጠየቀ። የብሪታንያ መንግሥት በይፋ ይቅርታ እንዲጠይቅ የሟቾች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም ይጠይቃሉ። ይጠይቁ፤ መብታቸው ነው።

ለንደን ይቅርታውን ስትሰጥ ግን ካናዳ በሰጠችበት መልክ ባይሆን ይሻላል። መዝገቦቹ አሉ። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የታሳሪዎችን ካርድ «ኤችኦ 396» በሚል ምድብ ይዟል፤ ከግል ፋይሎቹ ብዙዎቹ ተወግደው ናሙና ብቻ ቢቀርም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የታሳሪዎቹን ቅጽ ከነፎቶግራፋቸው «ኤምፒ 1103» በሚል ምድብ ለሕዝብ ከፍቷል። የካናዳው የፖሊስና የጠላት ንብረት ጠባቂው ሰነድም በኦታዋ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። በነዚህ ላይ የተመሠረተ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስሙ፣ የተያዘበት ምክንያት፣ በማኅበሩ ውስጥ የነበረው ሚና፣ አጣሪው ኮሚቴ ያገኘው፣ ከንብረቱ የተወሰደበትና የተመለሰለት የሚነገርበት መዝገብ በመንግሥት ወጪ ይታተም። የኮሚቴው ሥራ በ1940 በጥድፊያ ተጀምሮ በጎደለ የተተወ ነውና ይጨረስ። የዴቺዮ አንዛኒ ቤተሰብ ስሙን ከፋሺስቶች ስም ተለይቶ ያግኝ። የወርቅ ዘመቻውን ያደራጁትም በስማቸው ይጻፉ፣ ከፊታቸውም ዘመቻው የትኛውን አገር ለመውረር እንደነበረ፣ በየትኞቹ ዓመታት፣ በምን መሣሪያ፣ ይጻፍ።